ማሽን ወይስ ብረት? ለቤት የስፖርት ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ደረጃ በደረጃ

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ይገዛል። ከዚያ ቤቱን ይለካል። ስፖርቱን በእርግጥ ይሠራው እንደሆነ የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ስንቱ ማሽን ልብስ ማስጫ ሆኖ ቀርቷል። ስንቱ ዳምቤል አልጋ ሥር ተረስቷል።

እዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጬዋለሁ። መጀመሪያ ልኬት፣ ቀጥሎ ሙከራ፣ ከዚያ ውሳኔ፣ ግዢው ከዚያ በኋላ። ደረጃ አትዝለሉ፤ በተለይ ደረጃ 2ን።

"ማሽን" ስል ክብደቱ በካቦ (በሽቦ ገመድ) እና በፑሊ (ገመዱ በሚያልፍበት መንኮራኩር) የሚጎተት፣ ወይም በስፕሪንግ፣ በላስቲክና በሚታጠፍ ዘንግ የሚሠራ የቤት መሣሪያ ማለቴ ነው። "ብረት" ስል ደግሞ ዳምቤል (በአንድ እጅ የሚያዝ አጭር ክብደት)፣ ባር (በሁለት እጅ የሚያዝ ረጅም ዘንግ) እና ዲስክ (ጫፋቸው ላይ የሚገባ ክብ ክብደት)።

አንድ ጥያቄ ከወዲሁ እንዝጋ። ጡንቻ የሚያሳድገው የቱ ነው? ሁለቱም። ሁለቱን ያነጻጸሩ ጥናቶች በጡንቻ ዕድገት በኩል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ጉልበት ግን በተለማመዳችሁበት ነገር ላይ ይበልጥ ይጨምራል። በማሽን የሠራ በማሽን፣ በባር የሠራ በባር ይበረታል። ስለዚህ ምርጫውን ለክፍላችሁ ስፋት፣ ለፎቁ፣ ለኪሳችሁና ብቻችሁን ለመሥራታችሁ ተዉት።

የምታዘጋጁት

- የሚጠቀለል ሜትርና ጠመኔ
- መንጠቆ ያለው የሻንጣ ሚዛን፣ እስከ 50 ኪሎ የሚመዝን
- ሁለት ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካንና አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን
- ደረቅ አሸዋ
- ደብተር

ማስጠንቀቂያ፦ የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ ሄርኒያ ወይም የቆየ የወገብ ጉዳት ካለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም በቅርቡ ቀዶ ጥገና ካደረጋችሁ መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ። ክብደት ስታነሱ ትንፋሽ አምቆ መያዝ ግፊትን በአንድ ጊዜ ሽቅብ ይሰዳል። ስትገፉ ወይም ስታነሱ አስወጡ፣ ስትመልሱ አስገቡ።

ደረጃ 1፦ ቤቱን ለኩ

1. ዕቃው የሚቀመጥበትን ግድግዳ ምረጡ። ርዝመቱን፣ ወርዱንና የጣሪያውን ከፍታ ጻፉ።

2. ወለሉ ላይ በጠመኔ 2 ሜትር በ1.2 ሜትር የሆነ ሳጥን ሳሉ። ለአንድ ሰው የሚሆን የቤት ማሽን ብዙ ጊዜ እዚህ ውስጥ ይገባል። ክንድና እግር በሚንቀሳቀስበት በኩል 60 ሴንቲ ጨምሩበት።

3. ሳጥኑን ለ3 ቀን አትደምስሱት። በሩ ሲከፈት ይነካዋል? የቁም ሳጥኑ መዝጊያ ይከፈታል? የቤቱ ሰው ሁሉ እየረገጠው የሚያልፍ ከሆነ ማሽን እዚያ አይቆምም። ሌላ ግድግዳ ፈልጉ፤ ከሌለም መልሱን አገኛችሁ።

4. ለዳምቤል 2 በ2 ሜትር ባዶ ቦታ ይበቃል። ረጅሙ ባር ግን 2.2 ሜትር ነው። ዲስክ ለማስገባትና ለማውጣት በግራም በቀኝም ቢያንስ 40 ሴንቲ ይፈልጋል። ይህ 3 ሜትር ስፋት ማለት ነው። የኮንዶሚኒየም መኝታ ቤት ብዙ ጊዜ ይህን አይሰጣችሁም።

5. ቆማችሁ ሁለት እጃችሁን ወደ ላይ ዘርጉ። ከእጃችሁ በላይ 30 ሴንቲ ካልተረፈ ክብደት ወደ ላይ የምትገፉት ተቀምጣችሁ ነው። ብዙ ማሽኖች ቁመታቸው 2 ሜትር ስለሚደርስ መብራቱንና ኮርኒሱንም እዩ።

6. ዕቃው የሚመጣበትን መንገድ ለኩ። የግቢ በር፣ መወጣጫው የሚታጠፍበት ቦታ፣ የቤት በር፣ የክፍል በር። ሰው የሚሳሳተው መታጠፊያው ላይ ነው፤ ረጅም ቱቦላሬ በሩን ያልፍና መታጠፊያው ላይ ይቀራል።

ወለሉስ ይችላል? የመኖሪያ ቤት የኮንክሪት ወለል ብዙ ጊዜ የሚነደፈው በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 200 ኪሎ ጭነት እንዲሸከም ታስቦ ነው። ስለዚህ ቆሞ የሚቀመጥ ማሽን ከነሰውየው አብዛኛውን ጊዜ አያሰጋም። የሚያሰጋው የሚጣል ብረት ነው። ሴራሚክ በአንድ ውርወራ ይሰነጠቃል። በረንዳ ላይ ግን ከባድ ዕቃ አታስቀምጡ።

ደረጃ 2፦ 4 ሳምንት በጀሪካን ሥሩ

ይህችን ደረጃ ሁሉም ይዘላታል። ገንዘብ የምታድነው ግን እሷ ናት።

ስሌቱ ቀላል ነው። 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ይመዝናል። ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን በደረቅ አሸዋ ሲሞላ ወደ 8 ኪሎ ይደርሳል። ባለ 20 ሊትሩ በውኃ 20 ኪሎ ነው። እሱን አሸዋ አትሙሉት፤ ከ30 ኪሎ ያልፋል፣ እጀታውም ሊበጠስ ይችላል። ሁሉንም በሻንጣ ሚዛኑ መዝኑና በእስክሪብቶ ላያቸው ላይ ጻፉ።

ጀሪካኑን በጎዶሎ አትተዉት። ውስጡ የሚዋልል ውኃ ክንድ ያጣምማል። እስከ አፉ ሙሉት፣ ክዳኑንም አጥብቁ።

በሳምንት 3 ቀን፣ በመካከሉ አንድ ቀን እያረፋችሁ እነዚህን ሥሩ፦

1. ስኳት። ጀሪካኑን ደረት ላይ አቅፋችሁ ቁጢጥ በሉና ተነሱ። ተረከዝ ከመሬት አይነሳ።
2. ዴድሊፍት። ባለ 20 ሊትሩን በሁለት እግሮቻችሁ መካከል አስቀምጡ። ዳሌያችሁን ወደ ኋላ ግፉ፣ ወገባችሁን ሳታጎብጡ አንሱ።
3. መጎተት። አንድ እጅና አንድ ጉልበት አግዳሚ ወንበር ላይ። በሌላው እጅ ጀሪካኑን ወደ ጎናችሁ ሳቡ።
4. ፑሽ አፕ። ከከበዳችሁ እጃችሁን ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አድርጉ።
5. ወደ ላይ መግፋት። ሁለቱን ባለ 5 ሊትር ከትከሻ ወደ ላይ።

እያንዳንዱን 3 ዙር፣ በአንድ ዙር ከ8 እስከ 12 ጊዜ። በዙር መካከል 2 ደቂቃ እረፍት።

ደብተሩ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ። ስንት ኪሎ፣ ስንት ጊዜ፣ ምን አቆማችሁ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ዋናዋ ናት። ያቆማችሁ የጉልበት ማለቅ ነው? ሚዛን መሳት ነው? የእጅ መዛል ነው? ወይስ የሆነ ቦታ መታመም? ደረጃ 3 ላይ የምትወስኑት በዚህ ነው።

4 ሳምንት ሲሞላ ቀኖቹን ቁጠሩ። ከ12 ቀን 9 እና ከዚያ በላይ ከሠራችሁ ወደ ፊት ሂዱ። 8 እና ከዚያ በታች ከሆነ ምንም አትግዙ። "ማሽኑ ሲመጣ እጀምራለሁ" የሚለውን ሐሳብ ኪሳችሁ ውስጥ እንዲገባ አትፍቀዱለት። ሰዓቱን ቀይሩና ሌላ 4 ሳምንት ሞክሩ።

አሁን የሚያስፈልጋችሁን ክብደት አስሉ። 12 ጊዜ የምታነሱትን ክብደት ውሰዱ። ለእግርና ለዴድሊፍት በ2 አባዙት፣ ለክንድ፣ ለደረትና ለጀርባ በ1.5። ለምሳሌ በአንድ እጅ 8 ኪሎ 12 ጊዜ የምትጎትቱ ከሆነ፣ በአንድ እጅ 12 ኪሎ የማይደርስ ዳምቤል አትግዙ። 20 ኪሎ አቅፋችሁ ስኳት የምትሠሩ ከሆነ ለእግር 40 ኪሎ ያስፈልጋችኋል። ይህ የራሴ የጣት ስሌት ነው፤ ግን ዕቃው በ3 ወር ውስጥ እንዳይቀላችሁ ይረዳል።

ደረጃ 3፦ ወስኑ

ከላይ ወደ ታች አንብቡ። መጀመሪያ የሚመለከታችሁ ላይ ቁሙ።

ሀ. ደብተሩ ላይ "ሚዛን ሳትኩ" የሚል ከበዛ፣ ዕድሜያችሁ ከገፋ ወይም ከጉዳት እያገገማችሁ ከሆነ፦ ማሽን። መቀመጫው ይደግፋችኋል፣ ክብደቱም በራሱ ሐዲድ ላይ ነው የሚሄደው። ማሽን ካልተቻለ ወንበር ላይ ተቀምጦ በላስቲክ ባንድ መሥራት።

ለ. ተከራይ ከሆናችሁ፣ ወይም ሊፍት የሌለው ሕንፃ 3ኛ ፎቅና ከዚያ በላይ ካላችሁ፦ ብረት። ማሽን በተነቀለና በተገጠመ ቁጥር ብሎን ይጠፋበታል።

ሐ. አንድ ቤት ውስጥ ጉልበታቸው የተለያየ 3 ወይም 4 ሰዎች የምትሠሩ ከሆነ፦ ማሽን። ክብደት የምትመርጠውን ፒን ነቅሎ ሌላ ቀዳዳ ውስጥ መክተት 5 ሰከንድ ነው። ዳምቤል ለእያንዳንዱ ሰው መፍታትና ማሰር ግን ሁሉንም ያሰለቻል።

መ. ዋና ፍላጎታችሁ እግርና ወገብ ከሆነ፦ ብረት። የቤት ማሽን ደካማ ጎኑ እግር ነው። አብዛኛው ተቀምጦ ጉልበት መዘርጋትና ማጠፍ ብቻ ነው የሚሰጠው።

ሠ. ከነዚህ አንዱም ካልሆነ፦ ዲስኩ የሚቀያየር አንድ ጥንድ ዳምቤልና ላስቲክ ባንድ። ለብዙ ሰው መልሱ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ማሽን የሚገባው ይህ ሲያንሰው ነው።

"ሁለቱንም በርካሹ ልግዛ" አትበሉ። የሚንቀጠቀጥ ማሽንና አጭር ዳምቤል ነው የሚተርፋችሁ።

ደረጃ 4 ሀ፦ ማሽን ከመረጣችሁ

አዲስም ይሁን ያገለገለ፣ ሳትሠሩበት አትክፈሉ። ጂጂ የሽያጭ ድረ ገጽ ላይም ሆነ ቴሌግራም ላይ "ባለቤቱ ወደ ውጭ ስለሚሄድ በአስቸኳይ የሚሸጥ" ይላል። ይሂድ፤ እናንተ ግን ሜትራችሁንና ሚዛናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ፦

1. ከፍተኛውን ክብደት ጠይቁ። ብዙ የቤት ማሽኖች ከ45 እስከ 70 ኪሎ ነው የሚይዙት። ደረጃ 2 ላይ ካሰላችሁት ካነሰ እዚያው አቁሙ።

2. የተጻፈው ኪሎ እውነት መሆኑን እዩ። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። እጀታውን 40 ሴንቲ ሳቡና ክብደቱ ስንት እንደተነሳ ለኩ። 40 ሴንቲ ከተነሳ የሚሰማችሁ የተጻፈው ያህል ነው። 20 ሴንቲ ብቻ ከተነሳ ፑሊው ግማሹን ወስዶላችኋል፤ 50 ኪሎ የሚለው ለእጃችሁ 25 ነው። የሻንጣ ሚዛኑን እጀታው ላይ አንጠልጥላችሁ በቀስታ ብትስቡ ቁጥሩን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

3. ካቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመልከቱ። በጨርቅ ያዙት፣ በባዶ እጅ አትዳብሱት፤ የተበጠሰ ሽቦ እጅ ይበሳል። ፕላስቲኩ የተሰነጠቀ፣ ያበጠ ወይም ውስጡ የሚታይ ከሆነ ካቦው ይቀየራል። የሚቀየርበትን ዋጋ ከሻጩ ላይ ቀንሱ። ጫፉ ላይ ያለውን ማያያዣ በተለይ እዩ፤ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው እዚያ ነው።

4. ፑሊዎቹን አንድ በአንድ በጣት አሽከርክሩ። የሚወላገድ፣ የሚንኳኳ ወይም የተሰነጠቀ ካለ ቁጠሩ። አንድ ሁለት ይቀየራል። ከዚያ በላይ ከሆነ ተዉት።

5. ብየዳውን እዩ። ቀለሙ በመስመር የተላጠበት ቦታ ስንጥቅ ሊኖር ይችላል። አዲስ ቀለም በአንድ ቦታ ብቻ ከተቀባ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

6. ተቀመጡበት። ደረት የሚገፋው እጀታ ከደረታችሁ መሐል ጋር መስተካከል አለበት፣ ከትከሻ በላይ አይሁን። እግር በሚዘረጋው ላይ ደግሞ የማሽኑ መታጠፊያና የጉልበታችሁ መታጠፊያ አንድ መስመር ላይ ይሁኑ። አጭር ሰው ከሆናችሁ መቀመጫው እስከ ምን እንደሚስተካከል ፈትሹ። የማይስተካከል ማሽን ጉልበትና ትከሻ ያሳምማል።

7. 10 ጊዜ በፍጥነት፣ 10 ጊዜ በዝግታ ሥሩ። ክብደቱ ሲወርድ የሚንገታገት ከሆነ ሐዲዱ ደርቋል ወይም ተጣሟል። የደረቀ ይታከማል። የተጣመመ አይታከምም።

በስፕሪንግ፣ በላስቲክና በሚታጠፍ ዘንግ የሚሠሩት ላይ አንድ ነገር እወቁ። ሲጀመር ይቀላሉ፣ ሲዘረጉ ይከብዳሉ። ስለዚህ "95 ኪሎ" የሚለው ቁጥር የመጨረሻዋን ጥግ ነው የሚናገረው። ለመጀመሪያው አጋማሽ ጉልበት ብዙ አትጠብቁባቸው። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠሩት ዘመናዊዎቹ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ይቆማሉ። አዲስ አበባ ላላችሁ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያሻም።

ደረጃ 4 ለ፦ ብረት ከመረጣችሁ

በዚህ ቅደም ተከተል ግዙ። አንዱን ሳትጨርሱ ወደ ሌላው አትሂዱ።

1. መጀመሪያ ወለል። ወፍራም የጎማ ምንጣፍ፣ ወይም ከጎሚስታ የሚገኝ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ። ምንጣፉ ሳይመጣ ብረቱ ቤት አይግባ።

2. ዳምቤል። ካርቶኑ ላይ "20 ኪሎ" ካለ ጠይቁ፤ የአንዱ ነው ወይስ የሁለቱ? ብዙ ጊዜ የሁለቱ ድምር ነው፤ አንዱ 10 ብቻ ነው ማለት ነው። ቤት ገብቶ የሚያናድደው ይህ ነው። ከዚያ ጫፉ ላይ ያለውን የብሎን ጥርስ እዩ። መቆለፊያው እስከ ውስጥ ድረስ በእጅ መዞር አለበት፣ ውስጡም የጎማ ቀለበት ይኑረው።

3. ዲስኩን መዝኑ። 5 ኪሎ የሚል ሁሉ 5 ኪሎ አይደለም። ትክክለኛውን ብታጡ እኩል የሚመዝኑትን አጣምሩ። በፕላስቲክ የተሸፈኑትና ውስጣቸው ሲሚንቶ የሆኑት ዋጋቸው ይቀንሳል። ነገር ግን ወፍራም ናቸው። የዳምቤሉን ጫፍ ቶሎ ይሞሉና ተጨማሪ ክብደት አያስገቡም። ሲወድቁም ይፈነዳሉ።

4. ትንንሽ ዲስክ አትርሱ። 0.5 እና 1.25 ኪሎ። ከ5 ኪሎ ወደ 7.5 መዝለል በአንዴ ግማሽ መጨመር ነው፤ ትከሻ ይህን አይችልም። ቸርቻሪው ትንንሾቹን ላያሳያችሁ ይችላል፣ እናንተ ጠይቁ።

5. ላስቲክ ባንድ። ቀላል፣ መካከለኛና ጠንካራ። በር ላይ ስታስሩ በማጠፊያው በኩል እሰሩ። በሩ ወደ እናንተ የሚከፈት ከሆነ በቁልፍ ዝጉት። ከመሥራታችሁ በፊት ሁልጊዜ ዘርግታችሁ እዩ። ትንሽ ቅዳጅ ካለበት ጣሉት፤ ሲበጠስ ዓይን ያጠፋል።

6. ባር የምትገዙት ከ3 ወር በኋላ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። ወፍራሙ ባር ጫፉ 50 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 20 ኪሎ ነው። ቀጭኑ ከ25 እስከ 28 ሚሊ ሜትር ነው። የአንዱ ዲስክ ለሌላው አይሆንም። የቤታችሁን ዲስክ ቀዳዳ ለክታችሁ ሂዱ። በቀጭኑ ውስጥ እንኳን የ25ቱ ዲስክ 28ቱ ላይ አይገባም።

7. አግዳሚ ወንበር። ገበያ ካጣችሁ በያጅ ዘንድ ማሠራት ይቻላል። ከፍታው ከ42 እስከ 45 ሴንቲ፣ የሚተኙበት ወርድ ከ29 እስከ 32 ሴንቲ ይሁን። የፓወርሊፍቲንግ (ተኝቶ ባር መግፋት ያለበት የክብደት ስፖርት) ውድድሮች የሚጠቀሙበት ልክ ይህ ነው። ቱቦላሬው 50 በ50 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ያላነሰ። ከመረከባችሁ በፊት ሁለት ሰው ተቀምጦበት ይወዝውዘው። ከተወዛወዘ እዚያው ይመለስ።

የሲሚንቶ ብረት ለሚሠሩ

የሰፈር ልጆች ሲሠሩበት የኖሩት ነው፤ በጥንቃቄ ከሆነ እኔም አልቃወምም። በጠጠር የተቦካ ሲሚንቶ 1 ሊትሩ ከ2.3 እስከ 2.4 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ወደ 12 ኪሎ ይሆናል። ከመሙላታችሁ በፊት ባር የሚሆነው ቧንቧ በሁለቱም ጫፉ ላይ ሁለት ሚስማር ወይም ፌሮ በመስቀል አስበይዱ። ልሙጥ ቧንቧ ሲሚንቶ ውስጥ ይሽከረከራል፣ ቆይቶም ሾልኮ ይወጣል። ሁለቱን ጫፍ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ቡኮ ሙሉ። ቢያንስ 7 ቀን ውኃ እያጠጣችሁ አቆዩት። ከዚያ እያንዳንዱን ጫፍ መዝኑ። ልዩነቱ ከግማሽ ኪሎ ካለፈ ለዴድሊፍት ብቻ ተጠቀሙበት።

የሲሚንቶ ብረት ተኝታችሁ ከፊታችሁ ወይም ከደረታችሁ በላይ አትያዙ። በምንም ምክንያት።

ውጭ አገር ላላችሁ

አሜሪካና አውሮፓ ያገለገለ ዕቃ በርካሽ ይገኛል፣ በተለይ በጥርና በየካቲት ወር የአዲስ ዓመት ዕቅድ ሲበርድ። ነገር ግን ክብደቱ መደወያ (የሚዞር ቁልፍ) በማዞር የሚቀያየር ዳምቤል ስትገዙ ሞዴሉን አጣሩ። በ2025 እ.ኤ.አ. ሰኔ ላይ አሜሪካ ውስጥ ቦውፍሌክስ 552 እና 1090 የተባሉ ወደ 3.8 ሚሊዮን የሚጠጉ ዳምቤሎች እንዲመለሱ ጥሪ ተደርጓል። ምክንያቱ ሲነሱ ዲስካቸው ሊወድቅ መቻሉ ነው። ያገለገለ ገበያ ላይ አሁንም ልታገኟቸው ትችላላችሁ።

አገር ቤት ለቤተሰብ የምትልኩ ከሆነ ብረት በሻንጣ አትጫኑ። ብዙ ጊዜ ለአንድ ሻንጣ የሚፈቀደው 23 ኪሎ ነው፤ ጥንድ ዳምቤል ይጨርሰዋል። ባንድ፣ ጥሩ መቆለፊያና የፑሊ መለዋወጫ ላኩ። ብረቱ መርካቶም ስታዲየም አካባቢም አለ።

ደረጃ 5፦ ወደ ቤት ማስገባት

1. ያገለገለ ማሽን ከመፈታቱ በፊት ፎቶ አንሱ። ካቦው በየትኛው ፑሊ ላይ እንደሚያልፍ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን። ማኑዋል የሌለውን ማሽን መልሶ መግጠም የሚቻለው በዚህ ነው።
2. እያንዳንዱን ብሎን ከነዳዶው ከወጣበት ቦታ ስም ጋር በፌስታል ቋጥሩ።
3. ክብደቶቹን አንድ በአንድ አውጡ። ከነክብደቱ የሚሸከም ሰው ወገቡን ይጎዳል፣ መወጣጫውንም ይሰብራል።
4. ከጫኝና አውራጆች ጋር ዋጋ ስትነጋገሩ ፎቁን፣ የዕቃውን ብዛትና ጠቅላላ ኪሎውን መጀመሪያ ተናገሩ። መኪናው በር ላይ ከቆመ በኋላ የሚጀመር ክርክር ለእናንተ አይሆንም።
5. ማሽኑን የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ግጠሙ። ሳሎን ተገጥሞ በበር የማይገባ ማሽን እንደገና ይፈታል።

ደረጃ 6፦ መግጠም

ብሎኖቹን በሙሉ መጀመሪያ በእጅ ብቻ አስገቡ። አንዱን ከወዲሁ ካጠበቃችሁ ሌላው ቀዳዳ አይገጥምም። ሁሉም ከገባ በኋላ ማሽኑ ሳይወላገድ መቆሙን አረጋግጡና በቁልፍ አጥብቁ። ከአንድ ሳምንት ሥራ በኋላ ደግማችሁ አጥብቁ።

ሐዲዶቹን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉና ሲሊኮን ስፕሬይ ቀቡ። የምግብ ዘይትና ግሪስ አትጠቀሙ፤ አቧራ ይሰበስባሉ።

ልጆች ካሉ ሥራ ስትጨርሱ ፒኗን ነቅላችሁ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡ። በክብደቶቹ መካከል የገባ ትንሽ ጣት ይጨፈለቃል። ዳምቤል ደግሞ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ፣ መሬት ላይ ይሁን።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ወር

የጀሪካኑን ፕሮግራም ቀጥሉ፣ ዕቃውን ብቻ ቀይሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይመክራል። 3 ካደረጋችሁት መልካም። በአዲሱ ዕቃ ላይ ግን በጀሪካን ከምታነሱት በትንሹ ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ፤ እጃችሁ መንገዱን እስኪለምድ።

12 ጊዜ ሁለት ቀን በተከታታይ ከሠራችሁና ሌላ 1 ወይም 2 የሚተርፋችሁ ከሆነ ከ2 እስከ 10 በመቶ ጨምሩ። ለክንድ ከታችኛው፣ ለእግር ከላይኛው ቁጥር አጠገብ።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

የማሽኑ ክብደት ከላይ ተሰቅሎ ቀረ። እጃችሁን ከሥሩ አታስገቡ። እንጨት ወይም ሌላ ጠንካራ ነገር ከሥሩ ደግፉ፣ ከዚያ ሐዲዱንና ፒኗን እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ፒኗ ሙሉ በሙሉ ስላልገባች ነው።

ባሩ ደረቴ ላይ ቀረ። ወደ ሆዳችሁ፣ ከዚያ ወደ ዳሌያችሁ አንከባሉትና ቀና ብላችሁ ተቀመጡ። ወደ አንገት በፍጹም። ብቻችሁን ከሆናችሁና ከሥር የሚይዝ የብረት ድጋፍ ከሌላችሁ ግን ከመጀመሪያው ባሩን ትታችሁ በዳምቤል ወለል ላይ ተኝታችሁ ግፉ። ክንዳችሁ መሬት ሲነካ ይቆማል፣ ደረት ላይ የሚቀር ነገር የለም።

የዳምቤሉ መቆለፊያ እየላላ ነው። በየዙሩ መካከል አጥብቁ። የጎማ ቀለበቱ ካለቀ ቀይሩት። ጥርሱ ካለቀ ዳምቤሉን ከራስ በላይ አታንሱ።

ማሽኑ ቀለለኝ፣ ክብደትም አልቋል። ክብደቱ ላይ ድንጋይና ዲስክ አታስሩ፤ ካቦው የተሠራው ለዚያ አይደለም። በምትኩ በአንድ እጅ ወይም በአንድ እግር ሥሩ። ስትመልሱ 4 ሰከንድ ውሰዱ። ከሁለት ወር በኋላም ከቀለለ፣ ለእግር ዳምቤል ጨምሩ።

ትከሻ ወይም ጉልበት ታመመ። በማሽን ከሆነ መጀመሪያ መቀመጫውን አስተካክሉ፤ ደረጃ 4 ሀ፣ ቁጥር 6ን ተመልከቱ። በብረት ከሆነ ክብደቱን በግማሽ ቀንሱ። ከሁለት ሳምንት በኋላም ካልተሻለ፣ ወይም ካበጠና ሌሊት የሚቀሰቅሳችሁ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

የታች ቤት ሰው ተቆጣ። ከምንጣፉ ሥር ሌላ የጎማ ሽፋን ጨምሩ። ብረቱን ወደ መሬት ስትመልሱ የመጨረሻዋን 10 ሴንቲ በቁጥጥር አውርዱ። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላና ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት በባንድ ብቻ ሥሩ። ወርዳችሁም የትኛው ሰዓት እንደሚቀላቸው ጠይቋቸው፤ ሕፃን ያለበት ቤት ከሆነ ሰዓቱን እነሱ ይምረጡ።